የነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ ጥናቶች፦ ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

በነፍሰ ጡሮች ላይ ስለሚታየው የደም ማነስና ስለ ተዛማጅ ምክንያቶቹ በኢትዮጵያ የተጻፉ ጥናቶች በርካታ ናቸው። አብዛኞቹም በአቀራረብ ይመሳሰላሉ። አንድ ሆስፒታል ወይም ጥቂት ጤና ጣቢያዎች ይመረጣሉ፤ ለቅድመ ወሊድ ክትትል የመጡ ጥቂት መቶ እናቶች ይጠየቃሉ፤ ሄሞግሎቢናቸው ይለካል፤ በመጨረሻም የስርጭቱ መጠንና ተዛማጅ ምክንያቶቹ ይዘረዘራሉ። ጥናቶቹ ችግሩ ቸል የማይባል መሆኑን በማሳየት ረገድ ጠቅመዋል። ይሁን እንጂ ሦስት መሠረታዊ ጉዳዮች በቂ ምርመራ ሳይደረግባቸው ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ይታያል።

የመጀመሪያው የመለኪያው ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ወሰን በእርግዝና ዘመን ሁሉ 11 ግራም በዴሲሊትር ነበር። በእርግዝና ወቅት ግን ፕላዝማ ከቀይ የደም ሕዋሳት ይበልጥ ስለሚጨምር ደሙ ይቀጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ወሰኑን በሁለተኛው ሦስት ወር ወደ 10.5 ዝቅ ያደረገው ይህንኑ በማገናዘብ ነው። ከዚህ ጋር ለከፍታ የሚደረገው ማስተካከያም ተለውጧል። ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ባለው ከፍታ ቀድሞ 0.8 ይቀነስ የነበረው አሁን 1.4 ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ ሄሞግሎቢኗ 12 የሆነ እናት በቀድሞው ስሌት 11.2፣ በአዲሱ ደግሞ 10.6 ትሆናለች። ስለዚህ በአዲሱ መመሪያ መሠረት በሁለተኛው ሦስት ወር ጤነኛ፣ በሦስተኛው ግን ደም ያነሳት ተብላ ትመዘገባለች። በቀድሞው ስሌት ከሆነ በሁለቱም ወቅት ጤነኛ ናት። የትኛውን ወሰንና የትኛውን ማስተካከያ እንደተጠቀመ የማይገልጽ ጥናት ከሌላው ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ማስተካከያው ራሱም ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ምን ያህል እንደሚስማማ መጠየቅ ይገባል። ሲንቲያ ቢል እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አማካይ ሄሞግሎቢን በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች መጠን ብዙም አይርቅም። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች በተመሳሳይ ከፍታ የሚያሳዩት ጭማሪ እዚህ ካልታየ፣ ሠንጠረዡን እንዳለ መጠቀም ጤነኛዋን እናት ታማሚ ሊያሰኝ ይችላል።

ሁለተኛው «ተዛማጅ» የሚለው ቃል አጠቃቀም ነው። በውጤት ክፍል ተዛማጅ የተባለው ነገር በማጠቃለያው ላይ መንስኤ ሆኖ ብቅ ይላል። ክሮስ ሴክሽናል የሚባለው የአንድ ጊዜ ቅኝት የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አይለይም። ለምሳሌ የአይረን እንክብል የወሰዱ እናቶች ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ እንክብሉ አልሠራም ማለት ሳይሆን ቀድሞውንም ደም ላነሳቸው ታዞ ሊሆን ይችላል። ክትትሉን ዘግይታ የጀመረች እናትም በአብዛኛው ድህነት፣ ርቀትና የትምህርት እጥረት የተደራረቡባት በመሆኗ አንዱን ከሌላው መነጠል ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው የደም ማነስን ከአይረን እጥረት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። መሐሪ ገብረ መድህን እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያ የእርግዝና ደም ማነስ ብዙም የማይታይ መሆኑን በርዕሱ ጭምር አስታውቋል። በጤፍ ውስጥ የሚገኘው አይረን፣ ከፊሉ በውቂያ ጊዜ ከአፈር የሚገባ ቢሆንም፣ ከፍተኛ መሆኑ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ወባና የፎሌት እጥረት ያለ አይረን እጥረትም ደም ያሳንሳሉ። ፌሪቲን ሳይለካ፣ ፌሪቲንንም ከፍ የሚያደርገው ኢንፌክሽን ሳይመረመር፣ «የአይረን እጥረት» ብሎ መደምደም ከመረጃው አልፎ መሄድ ነው።

ይህ ሁሉ የእንክብሉን አስፈላጊነት አይቀንስም። እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በነፍሰ ጡሮች ላይ 29 በመቶ የደም ማነስ መዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ግን 22 በመቶ ነበር። በዚያው የ2016 ጥናት በመጨረሻው እርግዝናቸው አይረን የወሰዱ እናቶች 42 በመቶ ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶ አርባ ሁለቱ ጀምረው አምስቱ ብቻ ያን ያህል ከዘለቁ፣ ትልቁ ጥያቄ ያለው በመጀመርና በመጨረስ መካከል ነው። እንክብሉ ከጤና ጣቢያው አልቆ ነው? ማቅለሽለሹና የሆድ ድርቀቱ አስቸግሯት ነው? የሰገራዋ መጥቆር አስደንግጧት፣ ይህ የሚጠበቅ መሆኑን የነገራት ባለሙያ ጠፍቶ ነው?

የስርጭት መጠን የሚለካ ሌላ ጥናት ከመጨመር ይልቅ እናቶችን ከመጀመሪያው ክትትል እስከ ወሊድ ተከታትሎ ይህን መመለስ ይበልጥ ይጠቅማል። የመጽሔት አርታዒዎችም ወሰኑና የከፍታው ማስተካከያ ያልተገለጸበትን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ቢመልሱ፣ ጤና ባለሙያው በሚያነበው ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ውሳኔ የተሻለ መሠረት ይኖረዋል።