ጎበዝ ሾፌር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ የገባ መንገደኛ ቦርሳውን ገና ከትከሻው ሳያወርድ የምትጠብቀው ጥያቄ አለች። «ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?» የምትል ናት። ደኅንነቱና የዘመድ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። መልሱ ያጠረ እንደሆነ ወዲያው ምርቃት ይከተላል፤ «አቤት ጎበዝ ሾፌር!» ይባላል። የረዘመ እንደሆነ ግን ሾፌሩ «ፈሪ» ተብሎ ያድራል።

እስቲ ቃላቱን ልብ በሉልኝ። ጎበዝና ፈሪ! ሁለቱም የጦር ሜዳ ቃላት ናቸው። የጎበዝ አለቃ የሚባለው ማን እንደነበር የጎጃም ሰው አስተማሪ አያሻውም። እኛ መሪ ለጨበጠ፣ ደመወዝ ለሚከፈለው፣ ከኋላው ነፍሰ ጡርና ተማሪ ለጫነ ሠራተኛ የሰጠነው መለኪያ የጦረኛ መለኪያ ነው። ይገርማችሁ እንደሆነ፣ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመውም ይኸው ሕዝብ ነው። መኪናውን በሽብር ስም እየጠራን የሚነዳውን ጎበዝ እንለዋለን።

ፈረስ ከሚያሞግስ ሕዝብ ወጥተን ፍጥነትን አንወድም ማለት አንችልም። ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» ያሰኛቸው ፈረስ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ምዕራብ ብትሄዱ፣ እንጅባራ ላይ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ በዓሉ ጥር 23 ነው። ጉግስም ሽምጥ ግልቢያም ያየ ሰው ግን አንድ ነገር አይስተውም። ሜዳ አለ። ተመልካቹ ከዳር፣ ፈረሰኛው ከመካከል ነው። ጋላቢው ዘንጉን የሚመክትበት ጋሻ ይዟል። ቢወድቅ የሚወድቀው ራሱ ነው፤ ከኋላው ዐሥራ ሁለት ሰውና ሁለት ጆንያ ጤፍ አላፈናጠጠም!

እንግዲህ ከፈረሱ ወርደን ወደ መኪናው እንምጣ። በዓለም ላይ እንጀራቸው ፍጥነት ብቻ የሆነ ሾፌሮች አሉ። አሜሪካኖች «ድራግ ሬሲንግ» የሚሉት ውድድር ነው፤ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆሙና መብራት ሲበራላቸው በቀጥተኛ መስመር ይፈተለካሉ፣ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ኃይለኞቹ መኪኖች ከመነሻ እስከ መድረሻ አራት ሰኮንድ ገደማ ይበቃቸዋል፤ መጨረሻው ላይ ፍጥነታቸው በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከዚህ በላይ ጎበዝ ሾፌር ከወዴት ይመጣል?

ከእነዚህ አንዱ ጆን ፎርስ ይባላል። ሰውዬው ወደ ውድድሩ ከመግባቱ በፊት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ማለትም ለእኛዎቹ የአባይ በረሃ ሾፌሮች በሙያ ዘመዳቸው ነው። ለዓመታት ሲሸነፍ ኖሮ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1987፣ የመጀመሪያ ሻምፒዮንነቱን በ1990 ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚያቆመው ጠፋና 16 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ የመጨረሻውን በ2013 ሲያገኝ ዕድሜው ከስድሳ አልፎ ነበር። በ2024 በደረሰበት ከባድ አደጋ ጭንቅላቱ ተጎድቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በ75 ዓመቱ ከመሪው ወረደ።

የዚህን ሰው ታሪክ የማነሣው ፍጥነቱን ላስቀናችሁ ብዬ አይደለም። ፍጥነትን ሙያ ያደረጉ ሰዎች ፍጥነትን እንዴት አጥር እንዳጠሩለት ለማሳየት ነው። ውድድሩ ራሱ ሕግ የያዘው ከመንገድ ለመሸሽ ነው። ዋሊ ፓርክስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማኅበሩን ሲመሠርት፣ ጎረምሶች በየአውራ ጎዳናው የሚያደርጉትን እሽቅድምድም ወደተከለለ ሜዳ ለማስገባት ነበር። በዚያ ሜዳ አረንጓዴው ሳይበራ የተነሣ ሾፌር ቀይ ይበራበታል፤ የቱንም ያህል ቢፈጥን ተሸንፏል። ይባስ ብሎ በአማተሮቹ ዘንድ የተለመደ አንድ የውድድር ዓይነት አለ፤ ሾፌሩ «ይህን ርቀት በዚህ ያህል ሰኮንድ እጨርሳለሁ» ብሎ ቁጥሩን አስቀድሞ መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ካለው በላይ ከፈጠነ ይሸነፋል! ራሱን ያላወቀ ሾፌር ቢቀድምም አይሸለምም ማለት ነው።

የማቆሙን ነገር ተዉት። ለአራት ሰኮንድ ሩጫ ከኋላ ሁለት ፓራሹት ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤሪክ ሜድለን የተባለው የጆን ፎርስ ባልደረባ በልምምድ ላይ ተጎድቶ ሲሞት፣ ቡድኑ የመኪኖቹን አካል እንደገና አስጠንቶ ሾፌሩን የሚጠብቀውን ብረት አሻሻለ። በ2008 ደግሞ ስኮት ካሊታ ሞተሩ ፈንድቶ፣ ፓራሹቶቹም ሳያግዙት ቀርተው፣ መኪናውን ማቆም ሳይችል ሞተ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማኅበሩ ለፈጣኖቹ መኪኖች የውድድሩን ርቀት ከ402 ሜትር ወደ 305 ሜትር ዝቅ አደረገው። አንድ ሰው ሲሞት ሜዳው አጠረ።

እኛ ዘንድ በየጊዜው ስንት ሰው ይሞታል፤ ምን አጠረ? ያጠረው የሐዘኑ ቀን ነው።

ደግሞ እንደኛ ሾፌር ማቆምን ሊያውቅ የሚገባው የለም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የአባይ ሸለቆ ከሺሕ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ነው። በ2000 ዓ.ም ማብቂያ ላይ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አሳመረው እንጂ ቁልቁለቱን አላነሣውም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚለቅማ ከነጭራሹ መኪናውን ለገደሉ አደራ ሰጥቷል። አንጋፋ ሾፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ በከባድ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል።

ይህ ጥበብ ነው። ችግሩ ለተሳፋሪው አይታይም። በከባድ ማርሽ እያጓራ የሚወርድን ሾፌር ወንበር ላይ ያለው ሰው ምን ይለዋል? «ይሄ ሰውዬ ሊያሳድረን ነው እንዴ?» አንዲት እናት ነጠላዋን ጥርሷ ላይ አድርጋ «ቀስ በል ልጄ» ያለች እንደሆነ ይሳቅባታል። ረዳቱም «እማማ፣ ይተኙ» ይላታል። በዚያች መኪና ውስጥ ትክክለኛው ሐያሲ እሷ ነበረች።

ሾፌሩን ብቻ ወንጀለኛ አድርጌ ልቀመጥ አልፈልግም። ብዙው ሾፌር የመኪናው ባለቤት አይደለም፤ ባለንብረቱ ምልልስ ይቆጥርበታል፣ ምልልሱ ሲበዛ ኪሱም ይሞላል። መሽቶ በረሃ ላይ መቅረትን የሚፈራ ተሳፋሪም ምክንያት አለው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የሰነበተበት ሰው «ቶሎ እንግባ» ቢል አይፈረድበትም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ችኮላ ምክንያት ስላለው ቁልቁለቱ አይሰማውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አባቶች የሮጡበትን ምክንያት አልጠየቁም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሒስ ማለት መንቀፍ ይመስላቸው ነበር። ማሞገስም ሒስ ነው፤ እንዲያውም ኃይለኛው እሱ ነው። ሰው የተነቀፈበትን ይደብቃል፣ የተሞገሰበትን ግን ደጋግሞ ይሠራል። ያለቦታው የተሞገሰ ደራሲ ሁለተኛ መጥፎ ልብ ወለድ ይጽፍልናል፤ እሱን ባናነበው ይቀራል። ያለቦታው የተሞገሰ ሾፌር ግን ነገ ሌሎች ስልሳ ሰዎችን ጭኖ ይወርዳል።

ስለዚህ ጎበዝ የሚለውን ቃል እንቀማቸው አልልም፤ ለባለቤቱ እንመልሰው ነው የምለው። ጎበዝ ማለት በከባድ ማርሽ የወረደው ነው። ጎበዝ ማለት «ትርፍ አልጭንም» ብሎ መነኻሪያ ላይ ከረዳቱ ጋር የተጣላው ነው። መንገደኛ ሲመጣ ጥያቄያችንን እንቀይርና «ቁልቁለቱን እንዴት አወረዳችሁ?» እንበል። ጥያቄው ሲለመድ መልሱን የሚያሳምር ሾፌር አይጠፋም።