ካምፕ ኑ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር

ጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ወር ነው፤ ብዙ ጊዜ የባርሳና የማድሪድ ጨዋታ ወርም ነው። ከሱዳኑ ገዳሪፍ እርሻ የተመለሰው ሳሉግ፣ ማለትም ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኛ፣ ማጭዱን ጥግ አስደግፎ፣ ድንበሩ ላይ መተማ ዮሐንስ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ይጠጋጋል። ጨዋታው በዐረብኛ ይተላለፋል፤ ቃሉ ያልገባው እንኳ ከጩኸቱ ልክ ጎሉን ያውቃል። ጄኔሬተሩ ሲያስነጥስ ቤቱ ጸጥ ይላል።

እንዲህ ያለ ስታዲየም እወዳለሁ። በጥቅምት 2013 በኮሮና ምክንያት፣ ያኔ 99 ሺህ ገደማ ይይዝ የነበረው የባርሳ ሜዳ ካምፕ ኑ ተመልካች አልነበረውም። ማድሪድ 3 ለ 1 አሸነፈ (የባርሳ ደጋፊ ነኝና ውጤቱን መጻፍ ያመኛል)። እዚህ ግን መቆሚያም ጠፍቶ ነበር። ሲያልቅ፣ ጀርባው ላይ «ሜሲ» የሚል ማልያ የለበሰ ሳሉግ ከፀጉሩ የሰሊጥ ገለባ እያራገፈ፣ ዳኛውን እየረገመ ወጣ።