ገበሬው ላይ የቀረው ኩስ፦ «የተመረዙ ውሃዎች» ዘጋቢ ፊልም ሲፈተሽ

ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው የአሜሪካ ከተሞች መካከል ዋሽንግተን ዲሲና ሲያትል ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። በዲሲ የሚዘንበው ዝናብ መንገዱንና ጣሪያውን አጥቦ በፖቶማክ ወንዝ በኩል ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። የሲያትሉ ደግሞ ፒዩጄት ሳውንድ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይወርዳል። ጋዜጠኛው ሄድሪክ ስሚዝ ለፒ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን «ፍሮንትላይን» ዝግጅት የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2009 የተላለፈው «ፖይዝንድ ዋተርስ» ማለትም «የተመረዙ ውሃዎች» የሚመረምረው እነዚህኑ ሁለት ውሃዎች ነው። ዕድሜው ቢገፋም ዛሬም መታየትና መተቸት ይገባዋል።

የፊልሙ ጉልበት ያለው የዶሮ እርባታው ታሪክ ላይ ነው። ከቼሳፒክ በስተምሥራቅ ባለው የደልማርቫ ልሳነ ምድር ብዙ አርቢዎች ለትልልቅ ኩባንያዎች በኮንትራት ይሠራሉ። ጫጩቱም መኖውም የኩባንያው ነው፤ ኩሱ ግን የገበሬው። ስሚዝ ይህን አሠራር ከውስጥ ከምታውቅ አርቢ አንደበት ያሰማንና ጥያቄውን ይዞ የፐርዱ ኩባንያ ሊቀመንበር ጂም ፐርዱ ዘንድ ይሄዳል። ትርፉ የአንዱ፣ ቆሻሻው የሌላው እንዲሆን ያደረገው ውል ራሱ መሆኑን ሁለቱን ጎን ለጎን በማቅረብ ብቻ ያሳየናል። የአካባቢ ብክለት ዘገባ ብዙውን ጊዜ የሞተ ዓሣ ያሳይና ያበቃል፤ ስሚዝ ግን እስከ ውሉ ድረስ መሄዱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ኩሱ ማዳበሪያ ሆኖ ማሳ ላይ ይበተናል። ሰብሉ ያልተጠቀመበትን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ዝናብ አጥቦ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ባሕረ ሰላጤው ያደርሰዋል። እዚያ አልጌ ይመገበዋል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ሸርጣኑም ዓሣውም መተንፈሻ ያጣል። ቼሳፒክ በአማካይ ጥልቀቱ 6.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ውሃ የሚቀበለው ግን ከስድስት ግዛቶችና ከዲሲ፣ ወደ 166,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ተፋሰስ ነው። ያን ያህል ምድር የሚጥልበትን ጭነት ይህን ያህል ጥልቀት የሌለው ውሃ ሊሸከመው አይችልም።

የሕጉ ጉዳይም አለ። የ1972ቱን የንጹሕ ውሃ ሕግ ኮንግረሱ ያጸደቀው ፕሬዚዳንት ኒክሰን የጣለበትን እገዳ ሽሮ ነው። ሕጉ የፋብሪካና የፍሳሽ ቧንቧዎችን በፈቃድ አስሯል፤ ብዙ ወንዞችንም አድኗል። ከእርሻ ማሳ በዝናብ ታጥቦ የሚወርደው ውሃ ግን በ1987ቱ ማሻሻያ ከዚህ የፈቃድ ግዴታ በግልጽ ወጥቷል። ፊልሙ የመጀመሪያውን የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኃላፊ ዊልያም ራክልስሃውስን ማነጋገሩ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ያን ሥርዓት ከመሠረቱ ሰዎች አንዱ የጎደለውን ያውቃል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ካሜራው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሲያትል፣ ሲሻገር ነው። ኦርካ በተባሉት የባሕር እንስሳት ገላ ውስጥ የተከማቸው ፒ.ሲ.ቢ. የተባለ መርዛማ የኢንዱስትሪ ኬሚካል እና በሲያትል የሚያልፈው የዱዋሚሽ ወንዝ ታሪክ ደህና ተነግረዋል፤ እዚያ የሚጠየቅ ፋብሪካ አለ። ከጣሪያና ከአስፋልት ወደሚወርደው ጎርፍ ሲመጣ ግን ወንበር ላይ አስቀምጦ የሚጠይቀው ሰው ያጣል፤ ታሪኩም ይላላል። ክፍተቱን የሚሞላው በአንድ አስደንጋጭ ንጽጽር ነው፦ በየሁለት ዓመቱ ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በደረሰበት አደጋ ያፈሰሰውን ያህል ዘይት ወደ ፒዩጄት ሳውንድ ይገባል የሚል። ከጊዜ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች የዘይቱን መጠን ከዚያ በእጅጉ አሳንሰውታል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲፈርስ የሚጠቀመው ለውጡን የማይፈልገው ወገን ነው።

ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ፊልሙ ሲሠራ ኮሆ የሚባሉት ሳልመኖች ከዝናብ በኋላ በሲያትል ጅረቶች እንቁላላቸውን ሳይጥሉ እየሞቱ መሆናቸውን ተመራማሪዎች ያውቁ ነበር። ምክንያቱ የታወቀው በዲሴምበር 2020 በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ነው። የመኪና ጎማ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመር ሲክስ ፒ.ፒ.ዲ. የተባለ ኬሚካል ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ መርዝ ይለወጣል፤ መርዙም በሰዓታት ውስጥ ዓሣውን ይገድላል። ስሚዝ ያልተገኘን ነገር ባለማወቁ አይወቀስም። ጅረቱ ዳር ሄዶ ዓሦቹን ቢያሳየን ግን ከየትኛውም የዘይት ስሌት ይልቅ ይናገሩለት ነበር። በሁለቱም ከተሞች ስንቱ ወገናችን በታክሲ ሹፍርና ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር ለምናውቅ፣ የጎማው ነገር የሁላችንም ጉዳይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የአሽከርካሪው ሳይሆን የጎማው አሠራር ነው።

መፍትሔው ላይም ፊልሙ ንፉግ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ በታይሰንስ ኮርነር ግንባታ ላይ የተነሳውን ክርክር ማንሳቱ የመኪና ማቆሚያን ከባሕር ጋር ያገናኛል፤ ይህ ብልህነት ነው። ነገር ግን በጅረት ዳር የሚተከል ዛፍ፣ በክረምት ማሳን የሚሸፍን ሰብል፣ የመንገድን ውሃ የሚያሰርግ የአትክልት መደብ ሊያገኙት የሚገባውን ቦታ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ግዛት ተመራማሪዎች ያንኑ ገዳይ የመንገድ ጎርፍ በአሸዋና በኮምፖስት ድብልቅ ውስጥ ሲያሳልፉት ዓሦቹ በሕይወት ቆይተዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የጠፋው ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነ ሰው ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ትልልቆቹ ካውንቲዎች ለዚሁ ሥራ ክፍያ እንዲሰበስቡ ደነገገች፤ ተቃዋሚዎች «የዝናብ ግብር» ብለው ዘመቱበት፤ ግዴታው በ2015 ተነሳ።

ፊልሙ ከታየ በኋላ፣ በዲሴምበር 2010፣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ወደ ቼሳፒክ በሚገባው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ደለል ላይ ጣሪያ አስቀምጦ ሥራው እስከ 2025 እንዲያልቅ ወሰነ። የደለሉ ግብ ተሳክቷል። የናይትሮጅንና የፎስፈረሱ ግን ቀነ ገደቡ እስኪያልፍ አልተሟላም፤ ከቀረው ጭነት አብዛኛው አሁንም የሚመጣው ከእርሻ ነው። ስለዚህ የፊልሙን የቼሳፒክ ክፍል እዩት፤ የጎደለውን ደግሞ የምትኖሩበት ካውንቲ ስለ ጎርፍ ክፍያና ስለ አዲስ ግንባታ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ ተገኝታችሁ ጠይቁ።