«ቁጥጥር»ና «ማጽደቅ»፦ ስለ መንገድ ሥራ የትራፊክ ዕቅድ አማርኛ የቀረበ ሒስ

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን መንገድ ቆፍሮ ቧንቧ የሚቀብር ወይም የእግረኛ መሄጃ ዘግቶ መወጣጫ የሚያቆም ሥራ ተቋራጭ፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አንድ ንድፍ ያቀርባል። ንድፉ ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ ተሽከርካሪው፣ ብስክሌተኛውና እግረኛው በየት በኩል እንደሚያልፉ፣ ምልክቶቹ በምን ያህል ርቀት እንደሚቆሙና የትኛው መስመር እንደሚዘጋ የሚያሳይ ነው። በከተማዋ አማርኛ ተናጋሪው ብዙ ከመሆኑም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ስለ ሆነ፣ የዚህ ሙያ ቃላት ወደ ቋንቋችን መግባታቸው አይቀርም፤ ገብተዋልም። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ለሥራ ተቋራጮች መርጃ ተብሎ የተሰናዳ አንድ የቃላት ዝርዝር ነው። አዘጋጆቹን መጥራት ለጉዳያችን አይጠቅምም። ድካማቸው የሚመሰገን ቢሆንም፣ በሁለት ዐበይት ስያሜዎችና በአንድ የሰዋስው ነጥብ ላይ ዝርዝሩ ተጠቃሚውን ከመምራት ይልቅ የሚያሳስት ሆኖ አግኝተነዋል።

የመጀመሪያው «የትራፊክ ቁጥጥር ዕቅድ» የሚለው ነው። ቃል በቃል ሲታይ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን በዕለት ተዕለት አማርኛ «ትራፊክ» የሚለው ውሰት ቃል የተሽከርካሪን እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን ፖሊሱንም ይጠራል፤ «ትራፊክ ያዘው»፣ «ትራፊኩ ቀጣው» እንላለን። «ቁጥጥር»ም በበኩሉ ጥፋትን የመከታተል፣ የማጣራትና የመያዝ ትርጉም አለው። ሁለቱ ሲጣመሩ በአንባቢው አእምሮ የሚመጣው ምስል ፉጨት የያዘ ፖሊስ ነው። በአገራችን የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ቃሉ በአግባቡ ገብቶ ነበር፤ ደንቡ የአሽከርካሪን ግዴታ፣ ጥፋትንና ቅጣትን የሚመለከት ነበርና። የመንገድ ሥራው ዕቅድ ግን የሚናገረው ስለ ምልክት፣ ስለ መከለያ፣ ስለ ቀለም መስመርና ስለ መብራት ነው፤ ዓላማው መያዝ ሳይሆን ማሳለፍ ነው። «ቁጥጥር» የሚለውን አንብቦ «ይህ የፖሊስ እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም» የሚል ተቋራጭ ቢኖር አይፈረድበትም። በአዲስ አበባ ለዚሁ ተግባር የቆመው መሥሪያ ቤት «ትራፊክ ማኔጅመንት» የሚለውን ስያሜ የያዘው ይህን መደናገር ለመሸሽ ይሁን አይሁን ለመፍረድ ያዳግታል። እኛ «በሥራ ወቅት የትራፊክ ማስተናገጃ ዕቅድ» የሚለውን እንመርጣለን። ረዘም ይላል፤ ቢሆንም ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ አይሰውርም።

ሁለተኛው ስያሜ የበለጠ ያሳስባል። ዝርዝሩ ንድፉ ተመርምሮ የሚያገኘውን ውሳኔ አንድ ቦታ «ማጽደቅ»፣ ሌላ ቦታ «ፈቃድ» ይለዋል። «ጸደቀ» ከግእዝ የመጣ ሲሆን መሠረቱ እውነተኛ መሆን፣ ጻድቅ መሆን ነው። ገበሬው የተተከለው ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» ይላል፤ ምክር ቤት አዋጅ ሲያጸድቅ ደግሞ ረቂቁ ሕግ ይሆናል። በሦስቱም ቦታ ነገሩ ያለቀለትና የማይናወጥ ነው። የትራፊክ ማስተናገጃ ዕቅድ ግን ከቶ እንዲህ አይደለም። የመንገዱ ሁኔታ ሲለወጥ ወይም የተሻለ ዘዴ ሲገኝ ይሻሻላል፤ የተሻሻለውም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንደገና ለባለ ሥልጣኑ ይቀርባል። «ዕቅዴ ጸድቋል» ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ንድፉ ላይ ባዶ ሆኖ የታየው የመንገድ ጠርዝ በማግሥቱ መኪና ቆሞበት ቢያገኘው እንኳ በንድፉ መሠረት ኮኖቹን መደርደሩን ይቀጥላል። ኃላፊነቱም ወደ አጽዳቂው የተሻገረ ይመስለዋል።

«ፈቃድ» የተባለበት ቦታ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። በአሠራሩ ሦስት ደረጃዎች አሉ፦ ንድፉ ይመረመራል፤ መርማሪው ይስማማበታል፤ ከዚያም በኋላ መንገዱን ለተወሰኑ ቀናት ለመያዝ የሚያስችለው ወረቀት ይሰጣል። ሦስቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ፣ ሁለተኛው ላይ የደረሰ ሰው ሦስተኛውን የጨረሰ እንዲመስለው ያደርጋል። መንገድ ያለ ወረቀት ሲዘጋ ሥራው ይቆማል፤ መቀጫም ይከተላል። አማርኛ ደግሞ ሦስቱን ለመለየት ቃል አላጣም። ለመጀመሪያው «ምርመራ»፣ ለመጨረሻው «ፈቃድ» ይበቃል፤ ለመካከለኛው «ይሁንታ» የሚለውን እናቀርባለን። «ይሁንታ» ከ«ይሁን» የተገኘ በመሆኑ የተናጋሪውን መስማማት እንጂ የነገሩን ፍጹምነት አይመሰክርም፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ከስያሜዎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜያችንን የወሰደው የሰዋስው ነጥብ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የአውራ ጎዳና አስተዳደር የትራፊክ ምልክቶችንና መሣሪያዎችን አሠራር ወጥ ለማድረግ የሚያወጣው መመሪያ፣ 11ኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የወጣ ሲሆን፣ ክፍል 6 በሥራ ወቅት ስለሚደረገው ጊዜያዊ ዝግጅት ይናገራል። መመሪያው ዐረፍተ ነገሮቹን ግዴታ፣ ምክር፣ ምርጫና ማብራሪያ ብሎ በአራት ይለያቸዋል። ንድፍ መርማሪው የሚፈርደው በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርቶ ነው። ዝርዝሩ ግዴታውን «አለበት»፣ ምክሩን «ይገባል» ብሎታል። በአማርኛ ግን «ይገባል» ከ«አለበት» የላላ አይደለም፤ አባት ልጁን «እንዲህ ልታደርግ ይገባል» ሲለው ምርጫ እየሰጠው አይደለም። ስለዚህ አንባቢው ሁለቱንም ግዴታ አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ ወይም፣ ይህ ይብሳል፣ ከ«ይገባል» መውጣት እንደሚቻል ከተረዳ በኋላ «አለበት»ንም በዚያው ዓይን ማየት ይጀምራል።

አሉታው ሲመጣ ችግሩ ይጠናል። «መክፈል የለበትም» ስንል መክፈሉ ተከልክሏል ማለታችን ነው ወይስ ባይከፍልም ግድ የለም ማለታችን? ሁለቱንም ይሆናል፤ የሚለየው ዐውዱ ነው። «ተቋራጩ ምልክቱን ማንሣት የለበትም» የሚል መመሪያ የደረሰው ሰው፣ እንደ ፍላጎቱ፣ ክልከላም ነጻነትም ሊያነብበት ይችላል። ስለሆነም ለክልከላ «የለበትም» ፈጽሞ እንዳይገባ፣ በምትኩ «አያነሣም» ወይም «ማንሣት ክልክል ነው» እንዲባል እናሳስባለን። ለምክር አንዳንዶች «ይመረጣል» የሚለውን ሲያቀርቡ ሰምተናል። ይህም አያጠግብም፤ የመመሪያው ምክር የምርጫ ጉዳይ አይደለምና፣ ከእርሱ ለመውጣት የመሐንዲስ ጥናት ወይም ሙያዊ ፍርድ ያስፈልጋል። «በቂ ሙያዊ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ይደረጋል» ቢባል ርዝመቱን የሚጠላ ይኖራል፤ ሁኔታውን ግን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይሸከመዋል።

ስለ ቀሩት ቃላት በአጭሩ እንለፍ። የሥራውን ቦታ በአራት ክልል፣ ማለትም በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ፣ በመሸጋገሪያ፣ በሥራና በማብቂያ የከፈለው ትርጉም ጥሩ ነው፤ የሚነካ ነገር የለውም። በሠራተኛውና በሚያልፈው ተሽከርካሪ መካከል የሚተወውን ስፍራ «ባዶ ቦታ» ማለት ግን ስሕተት ነው። መመሪያው በዚያ ስፍራ ሥራ እንዳይሠራ፣ ተሽከርካሪና ዕቃም እንዳይቀመጥ ሲመክር፣ በእኛ አገር «ባዶ ቦታ» የተባለ መሬት አሸዋ ሊራገፍበት የሚጠብቅ ነው። «መጠበቂያ» እንዳንል ደግሞ የአውቶቡስ ተሳፋሪ የሚቆምበት ይመስላል። «የማይነካ ክፍተት» ይሻላል። መስመሩን ቀስ በቀስ የሚያጠብበውን የኮኖች ሰልፍ «ሾጣጣ» ማለትም አያዋጣም፤ ኮኑ ራሱ ሾጣጣ ስለ ሆነ የሾጣጣዎች ሾጣጣ ላይ እንደርሳለን። «ማጥበቢያ» ይባል፤ ዓይነቱም ይለይ። ስፋቱ 12 ጫማ የሆነ መስመር በሰዓት 30 ማይል በሚነዳበት መንገድ ላይ ሲዘጋ የማጥበቢያው ርዝመት ቢያንስ 180 ጫማ ነው፤ መስመሩ ሳይዘጋ በዚያው ልክ ወደ ጎን ብቻ ሲዛወር ግን የዚህ ግማሽ ይበቃል። ሁለቱን በአንድ ቃል የጻፈ ንድፍ ከነጥያቄው ይመለሳል።

መኪና የሚያስቆመውንና የሚያሳልፈውን ሠራተኛ «ባንዲራ ያዥ» ማለት የእንግሊዝኛው ጥላ ነው፤ ዋና መሣሪያው «ቁም» እና «ቀስ በል» የተጻፈበት ባለ እጀታ ሰሌዳ እንጂ ባንዲራ አይደለም። «አሳላፊ» ልንለው ፈልገን ነበር፤ ሰውየው ግን ከግብር አዳራሽ ጠጅ ይዞ የወጣ መሰለንና ተውነው። «ምልክት ሰጪ» ይበቃል።

በመጨረሻ፣ መንገዱ ሲዘጋ ተሽከርካሪው የሚመራበትን ሌላ ጎዳና ዝርዝሩ «አማራጭ መንገድ» ይለዋል። የሬዲዮ ማስታወቂያም እንዲሁ ይላል። በንድፉ ላይ ግን ይህ መንገድ በቀስት ተመልክቶ፣ የእያንዳንዱ መታጠፊያ ምልክት ተቆጥሮ የቀረበ ነው፤ አሽከርካሪው የሚመርጠው ነገር የለም። «ተለዋጭ መንገድ» የሚለው በእጃችን እያለ ለምን እንደ ተተወ አልገባንም። በሥራው ቦታ ጎን ለጊዜው የሚሠራው ማለፊያም ከዚህ ተለይቶ «ጊዜያዊ ማለፊያ» ቢባል፣ የመጀመሪያው ነባር ጎዳና፣ ሁለተኛው አዲስ የሚደለደል መሆኑን መርማሪው ከርእሱ ያነብባል።