ዘጠነኛዋ ጠርሙስ

ተማሪዬ ይዞት የመጣው የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ከሌላ አገር ጥናት የተቀዳ ነበር። «አንተ ራስህ አይተህ የገረመህ ነገር የለም?» አልኩት። አማካሪ ከሆንኩ ጀምሮ ይህችን ሳልጠይቅ ፊርማዬን አላኖርም።

አንገቱን ደፍቶ፣ «እናቴ ማሽላ ስታስቀምጥ አመድ ትቀላቅልበታለች፤ ነቀዝ አይነካውም» አለኝ።

«የምን እንጨት አመድ?» ዝም። «ለአንድ ቁና ስንት እፍኝ?» አሁንም ዝም።

ያን ጊዜ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። የእንዶዱን አረፋ ሕይወት ባላቸው ላይ ቢያስጨምሩ እነሱም ሞቱ። እንዶድን የማያውቅ ማን አለ? ምን ያህሉ ለምን ያህል ውሃ፣ የትኛው ዝርያ ይበረታል፣ ለሌላው ፍጥረትስ ምን ያመጣል የሚለው ግን ዓመታት ፈጀ። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በዚያ ድካም ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገን ለዚህ ይመስለኛል፤ እናቶች የሚያውቁትን በአክብሮት ተቀብሎ፣ እስኪለካ ድረስ አለመልቀቅ።

ልጁ ለፋሲካ አገሩ ገብቶ መልሱን ይዞ መጣ፦ የወይራ አመድ፣ ለቁና ሁለት እፍኝ። 12 የማርማላታ ጠርሙሶች ውስጥ ማሽላና ነቀዝ ጨመረ፤ ከሰባተኛዋ ጀምሮ ባሉት ላይ አመድ ቀላቀለ፤ አፋቸውን በሻሽ አስሮ በየማለዳው ይቆጥር ገባ። አመድ ባለባቸው ውስጥ ነቀዙ አለቀ፤ ከዘጠነኛዋ በቀር። እሷ ውስጥ ጭራሽ ተራባ።

«መምህር፣ ይህችን ብናወጣትስ? ውጤቱን ታበላሽብናለች።»

እንቢ አልኩ። እንዲህ ያለች ጠርሙስ ተደብቃባቸው የጸደቁ ጽሑፎች እንዳሉ ሳስብ ያመኛል። ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጥናት። አመዱ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከታች ቀርቷል፤ ማሽላው በጣት ሲታሽ ይረጥባል። ለካ መስኮቱ ዝናብ ሲያስገባባት ኖሯል። አመድ ነቀዙን የሚገድለው ገላውን ፍቆ ስለሚያደርቀው ነው፤ እርጥበት ካገኘው አቅም የለውም።

ልጁ እዚያው ቆሞ እናቱ ጋ ደወለ። ድምፃቸው ለእኔም ይሰማል። «ፀሐይ ላይ በደንብ ላልተሰጣ ማሽላማ አመድ ምን ያደርግለታል? አልጠየቅከኝም እንጂ።»

እስክሪብቶ አወጣና፣ ስንት ቀን እንደሚሰጣ ይጠይቃቸው ጀመር።