ይመታል፣ ይመታል

በደቡብ ሱዳኗ ጁባ ውስጥ፣ በካቶር መንገድ ዳርም ሆነ በኮኞኮኞ ገበያ አካባቢ፣ የጎዳና ቲያትር የሚጀምረው ክብ በመሥራት ነው። መጋረጃ የለም፣ መብራት የለም፣ ትኬትም የለም። ከበሮ ይመታል፤ ልጆች ቀድመው ይሮጣሉ፣ ትልልቆቹም ምን እንደሆነ ለማየት ጠጋ ይላሉ። ተዋናዩ ክንዶቹን ዘርግቶ እየዞረ ሰዉን በእርጋታ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ልጆቹን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ ያቆማል። ክቡ ከሰፋ ድምፁ አይደርስም፣ ከጠበበ መንቀሳቀሻ ያጣል። ልኩን የሚያውቀው በእግሩ ነው።

ዙሪያውን ሰው ስለሆነ ለአንዱ ፊቱን ሲሰጥ ለሌላው ጀርባውን መስጠቱ አይቀርም። ጎበዙ ተዋናይ ታዲያ አንዱን ንግግር ተናግሮ ሳይጨርስ ትከሻውን ቀስ እያለ ያዞራል፤ ማንም ሳያውቀው ሁሉም ፊቱን ያያል። ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሲያልፍ ከሞተሩ ጋር አይጯጯህም። እጁን አየር ላይ እንዳለ አቁሞ ይጠብቃል፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የአፉ ሥራ ነው። በየቤቱ ባሪ፣ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ዛንዴ የሚናገረው ሕዝብ ገበያ ላይ የሚግባባው በጁባ ዐረብኛ ነው። እኛ "እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ይሄዳል" ስንል ሰውየው ግሱ ውስጥ ነው። በጁባ ዐረብኛ "አና ቢሩዋ፣ ኢታ ቢሩዋ፣ ኡዎ ቢሩዋ" ይባላል፤ ግሱ ንቅንቅ አይልም፣ ሸክሙን የሚሸከመው ከፊት ያለው ተውላጠ ስም ነው። ስለዚህ "አና" ሲባል መዳፍ ደረት ላይ ያርፋል፣ "ኢታ" ሲባል እጁ ፊት ለፊት ወደቆመው ተመልካች ይዘረጋል። እጁ የሰዋስው ሥራ ይሠራል።

ከዚህም የረቀቀ አለ። "ካቱሉ" የሚለው ቃል መጀመሪያው ላይ ጠንከር ተደርጎ ሲነገር "መግደል" ነው፤ ጥንካሬው ወደ መጨረሻው ሲሻገር "መገደል" ይሆናል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም፦ "ይመታል" ላልቶ መቺው፣ ጠብቆ ተመቺው ነው። ግን በአቧራና በገበያ ጫጫታ መሐል፣ ያለ ማይክሮፎን፣ ያቺን አንዲት ጥንካሬ ሳያጠፉ መጨረሻው ረድፍ ማድረስ ምን ያህል ልምምድ እንደሚጠይቅ አስቡት። አንዲት ክፍለ ቃል ብትወድቅ ገዳይና ሟች ይቀያየራሉ።

ይህ ቋንቋ መድረክ አይችልም የሚል ካለ ይህን ይስማ፦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012፣ አገሪቱ ነጻ ከወጣች ዓመት ሳይሞላት፣ የደቡብ ሱዳን ተዋንያን የሼክስፒርን "ሲምበሊን" በጆሴፍ አቡክ የጁባ ዐረብኛ ትርጉም ለንደን ላይ፣ መሐሉ ጣሪያ በሌለው በግሎብ ቲያትር ተጫውተውታል። እዚያም ብዙ ተመልካች ቆሞ ነው የሚያየው። የካቶርን ክብ ለሚያውቅ ባዳ ቦታ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሙዚቀኞች፣ ሠዓሊያንና ተዋንያን ተሰባስበው "አና ታባን" የሚባለውን ቡድን መሠረቱ፤ ለሰላም ሲሉ ግድግዳ ቀቡ፣ ቲያትርንም ወደ ጎዳና አወጡ። ትርጉሙ "ደክሞኛል" ነው። በአማርኛው ድካሙ መጥቶብን ነው የሚነገረው። በእነሱ ግን ሰውየው ይቀድማል፦ አና። መዳፉ ደረቱ ላይ ነው፣ ትከሻው ዞሮ ከኋላው የነበሩትም ፊቱን ያያሉ።