ወጨፎ የማይረታው ጃንጥላ

ተገኘ! ቦንጋ ገበያ ውስጥ፣ ኪስ በማይጎዳ ዋጋ፣ ወጨፎ የማይረታው ጃንጥላ ተገኘ። ጥቁር ነው፤ ረጅም ነው፤ አይታጠፍም፤ እጀታው ከዘራ መሳይ ነው። ቁልፍ ተጭነው የሚያስፈነጥሩት ሳይሆን በእጅ ገፋ አድርገው የሚከፍቱት ዓይነት ነው። ከሩቅ ሲያዩት «የሽማግሌ ጃንጥላ» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። እባክዎ አይለፉት! ጨርቁን ገለጥ አድርገው ሽቦውን ይመልከቱ። ሽቦ የምንለው ከልማድ ነው እንጂ ይህ ሽቦ አይደለም፤ ድፍን፣ ክብ፣ ለስላሳ የፋይበር ግላስ ዘንግ ነው። እኔን እንዲህ የሚያስለፈልፈኝ ያ ዘንግ ነው።

የነገሩ ክብደት የሚገባው ቦንጋ ያለችበትን ካፋን ለሚያውቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጃንጥላ በዋናነት የሐምሌና የነሐሴ ጉዳይ ነው፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ከበር ኋላ ተሰቅሎ ይረሳል። ከጅማ ተነስቶ፣ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚወጣ ሰው ግን በመጋቢትም ዝናብ፣ በግንቦትም ዝናብ፣ በመስከረምም ዝናብ ይጠብቀዋል። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ፋታ ይሰጣሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አይታመኑም። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስታገኝ ቦንጋና አካባቢዋ ከ1,500 በላይ ያገኛሉ፤ ያውም በጥቂት ወራት ተጠራቅሞ ሳይሆን ዓመቱን ተከፋፍሎ። ዝናቡን ማማረር ደግሞ አይቻልም። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበውን የካፋን ጫካ ያቆመው እሱ ነው። በጫካው ጥላ ሥር ቡና ያለ ዘሪ በቅሎ የሚያፈራው፣ ቦንጋ አቅራቢያ ውሽውሽ ላይ የሻይ ቅጠሉ ክረምት ከበጋ የሚለቀመው በእሱ ነው። ዝናቡ በረከት ነው። ከበረከቱ ጋር አብሮ ለመኖር የሚያስችል ጃንጥላ ማግኘት ነበር የቀረው!

ካፋ ውስጥ ቀድሞ የነበረው ጃንጥላ ከጓሮ የሚቆረጥ ነበር፤ ዛሬም አለ። ዶፍ የደረሰበት ሰው ሰፊውን የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ራሱ ላይ ይደፋና ይሮጣል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውኃም አያሳልፍም። ጠላቱ ነፋስ ነው፤ ቅጠሉ በጅማቱ መስመር ይተለተላል። ደጋውም የራሱ አለው፤ ከሣር የሚሠራው ገሳ ዶፍን ከነነፋሱ ችሎ ለእረኛና ለገበሬ ስንት ዘመን አገልግሏል። ገሳ ለብሶ ግን ቢሮ አይገባም፤ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥም ገሳ አውልቆ የሚያስቀምጥ ተማሪ አላየሁም።

ለዚህ ግኝት ያበቁኝ በገበያው ዳር ቁጭ ብለው የተሰበረ ጃንጥላ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከፊታቸው ጨርቃቸው የተገፈፈ ጃንጥላዎች ተከምረዋል፤ ለሌላው መለዋወጫ የሚነቅሉት ከእነዚያ ነው። ፒንሳ፣ ወፍራም መርፌ፣ የሲባጎ ጥቅል፣ ቀጭን ሽቦ፤ በቃ፣ ዕቃቸው ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ጠንካራ ጃንጥላ ብፈልግ የትኛውን ይመክሩኛል?» አልኳቸው።

«ይኸን አይደለም» አሉ፣ ክምሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው። «ታጣፊው በየቀኑ ይመጣልኛል፤ እንጀራዬ እሱ ነው። እስቲ ይኸን እይልኝ ልጄ።»

ከኋላቸው የተንጠለጠለውን የራሳቸውን ጃንጥላ አውርደው ከፈቱት። ከስምንቱ ዘንጎች የአንዷን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ታች ሳቡ። ጎበጠች። ደግመው ሳቡ፤ ደጋን እስክትመስል ጎበጠች! እኔ ትንፋሼን ይዤ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ስጠብቅ እሳቸው ለቀቅ አደረጓት። ጥው ብላ ቦታዋ ተመለሰች፤ ያለ አንዳች ጠባሳ፣ ቀጥ ብላ። ቀጥለው ከክምሩ አንድ የብረት ዘንግ አንስተው እንዲያው ላመል ጎበጥ አደረጉት፤ ብረቱ እጥፋት ያዘና በዚያው ቀረ። በፒንሳ ሲያቀኑት እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ወጣበት። መልሰው ሲያጎብጡት እዚያችው መስመር ላይ እጃቸው ውስጥ ለሁለት ተበጠሰ። ደግሜ እንድሞክረው ዘንጓን ለእኔ ሰጡኝ። ሞከርኩ። ደግሜ ሞከርኩ። ሕፃን ሆንኩ ማለት ይቻላል፤ ከእጄ ማውጣት አልቻልኩም!

ምሥጢሩ ይህ ነው። የተለመደው የብረት ዘንግ ድፍን አይደለም፤ ስስ ቆርቆሮ በቦይ መልክ ተጠፍጥፎ የተሠራ ነው። ቅርጹን የፈጠረው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፎክስ ሲሆን ዘመኑ 1852 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በፊት የአውሮፓ ጃንጥላ ከዓሣ ነባሪ አፍ በሚወጣ ቀንድ መሳይ ነገርና በሸምበቆ ይሠራ ስለነበር የፎክስ ብረት ትልቅ እመርታ ነበር፤ ቀላልም ጠንካራም ነበር። ዛሬ በርካሹ ጃንጥላ ላይ የምናየው የዚያ ቅርጽ የልጅ ልጅ ነው፤ ቅርጹ አለ፣ ብረቱ ግን እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ቆርቆሮ ሆኗል። የቦዩ ግድግዳ አንዴ ከተጨፈለቀ ብረቱ አቅሙን ይጨርሳል። ፋይበር ግላስ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ የብርጭቆ ክሮች በሙጫ ተጣብቀው የሚሠራ ነው። በምርኩዝ ዝላይ ስፖርተኛውን ወደ ላይ የሚያስፈነጥረው ምርኩዝ የዚሁ ዘመድ ነው። ኃይል ሲያርፍበት ይጎብጣል፤ ኃይሉ ሲለቀው ይመለሳል። ዝገት የሚባል ነገርም አያውቅም፤ ቦንጋን በመሰለ እርጥበት በሞላበት ከተማ ይህ ብቻውን ስንት ያወጣል!

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝን ልንገርዎ። ይህ ጃንጥላ ጠንካራ የሆነበት ምክንያትና ርካሽ የሆነበት ምክንያት አንድ ነው፤ ክፍሎቹ ጥቂት መሆናቸው! በረጅሙ ጃንጥላ እያንዳንዱ ዘንግ ሦስት መጋጠሚያ ብቻ አለው፤ አንዱ አናቱ ላይ፣ አንዱ ከሥሩ ከሚደግፈው አጭር ዘንግ፣ ከድጋፉ ጋር ሲገናኝ፣ አንዱ ድጋፉ ምሰሶው ላይ የሚንሸራተተውን ቀለበት ሲይዝ። ታጣፊው ጃንጥላ ግን ቦርሳ ውስጥ ለመግባት ሲል ዘንጉን ሁለትና ሦስት ቦታ ይቆርጠዋል። በተቆረጠበት ሁሉ ሪቬት ይገባል፤ ነፋስም የሚመታው እዚያ ነው። ጀርመናዊው ሃንስ ሃውፕት በ1920ዎቹ መጨረሻ ታጣፊውን ሲያስተዋውቅ ሥራው ድንቅ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ ለሚሄድ ሰው ዛሬም ድንቅ ነው። ነገር ግን በትንሽ ብር ታጣፊ ሲገዙ ገንዘብዎ ለሪቬቱ፣ ለሞላው፣ ለቁልፉ፣ ለማኅደሩ ይከፋፈልና ለዘንጉ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በእጅ የሚከፈተው ረጅሙ ጃንጥላ ላይ ግን ብሩ በቀጥታ ዘንጉና ጨርቁ ላይ ያርፋል። ዋጋው ከታጣፊው ብዙም ሳይርቅ እንዲህ ያለ ዕቃ የምናገኘው በዚህ የተነሣ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ በምን ልግለጸው!

እንግዲህ ገበያ ሲወጡ የምርቱን ስም አይመልከቱ። ከዓለም ጃንጥላ እጅግ ብዙው የሚወጣው ከቻይና ነው፤ ዠጂያንግ ውስጥ ሶንግሺያ የምትባለው ከተማ የታወቀችው በዚሁ በጃንጥላ ሥራ ነው። ከአንድ ሠፈር ጥሩውም ክፉውም ይወጣልና ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብዙ አይነግርዎትም። ዘንጉ ግን ይነግርዎታል። በጥፍርዎ ይዳብሱት፤ ቦይ ካለው ብረት ነው፣ ድፍንና ክብ ከሆነ ተስፋ አለው። ከተሰበረ ራዲዮ ስፒከር የወጣች ትንሽ ማግኔት ካለችዎ ኪስዎ ይክተቷት፤ ብረት ላይ ትጣበቃለች፣ ፋይበር ግላስ ላይ ወደቅ ትላለች። ይህችን ብልሃት ያስተማሩኝም እኚያው ሽማግሌ ናቸው። አንዳንዱ ጃንጥላ ጫፉ ብቻ ፋይበር ግላስ ሆኖ ውስጡ ያው ቆርቆሮ ነውና ማግኔቷን ከጫፍ እስከ አናት ያስኪዷት። ድጋፎቹ ብረት ቢሆኑ ግድ የለም፤ ወፍራም ይሁኑ እንጂ።

ከዚያ ሻጩን ያስፈቅዱና ዘንጉን ጎበጥ አድርገው ይልቀቁት። በዕቃው የሚተማመን ሻጭ ራሱ አጎብጦ ያሳይዎታል፤ ጃንጥላውን ገልብጦ መልሶ ሲያቃናው ያየሁት አለ! የመሐሉ ምሰሶ ከትንሿ ጣትዎ እጅግ ከቀጠነ ይተዉት። ጨርቁን ወደ ብርሃን ያንሡት፤ እንደ ወንፊት ብርሃን የሚያስገባ ከሆነ ወጨፎውንም ያስገባል። የጨርቁ ጥግ ከዘንጉ ጫፍ ጋር የተያያዘበትን ስፌት አንድ በአንድ ይሳቡ፤ ብዙ ጃንጥላ መላቀቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዘንጉ ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ለአንድ ሰው ከነቦርሳው ይበቃል። ከዚያ በላይ የሰፋው ያምራል፣ ለሁለትም ይሆናል፤ ነፋሱም የሚወደው እሱን ነው፤ ቦንጋን ለመሰለ ዳገታማ ከተማ አልመርጠውም።

የከዘራውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዝናቡ አባርቶ ቀይ ጭቃው ሲያንሸራትት ይህ ጃንጥላ ምርኩዝ ይሆናል፤ ጫፉ ብረት መሆኑን ለዚህ ሲባል ያረጋግጡ። ገበያ ውስጥ ሁለት እጅ ሲያስፈልግ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል፤ አባቶች እንደሚያደርጉት ከኮት አንገትጌ በስተኋላ ማንጠልጠልም ይቻላል። ሚኒባስ ውስጥ በጉልበት መሐል ቆሞ ይሄዳል። በጥር ፀሐይ ጥላ ነው። አንድ ነገር ብቻ አይጠይቁት፤ መብረቅ ሲወርድ ሜዳ ላይ ይዘውት አይቁሙ፤ ምሰሶው ብረት ነውና ቤት ይግቡ።

ለዚህ ሁሉ የሚጠይቀው እንክብካቤ ደግሞ ትንሽ ነው። እርጥብ እንደሆነ ጠቅልለው አያስቀምጡት፤ ከፍተው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። መጋጠሚያዎቹ ላይ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያንጠባጥቡበት። የጨርቁ ጥግ ከላላ ሳይውል ሳያድር በሲባጎ ይስፉት፤ ካልሆነም እኚያ ሽማግሌ አሉ። ነጋዴዎቹ ይህን ዓይነቱን የሚያመጡት ጥቂት በጥቂት ነው፤ የመጋቢት ዝናብ ሲገባ ሰው ሁሉ ወደ ጃንጥላ ተራው ይጎርፋል። እርስዎ በጥር ይሂዱ፣ ሻጩ ፋታ አግኝቶ ሲያነጋግርዎ፤ ማግኔቷንም እንዳይረሷት!